የመኪና ኤሲ ኮምፕረሰር በላይ በላዩ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ ቡልጋሪያ በሚባለው አካባቢ የሚኖር አንድ ባለመኪና ይታሰብ። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ባለ ቱርቦ መኪና አለው። ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ ዓባይ በረሃ ውስጥ ኤሲው ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ። አዲስ ኮምፕረሰር ተገዝቶ ተገጠመ፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ጮኾ ቆመ። ሌላ ተተካ፤ እርሱ ደግሞ ከሦስት ወር አላለፈም። ባለመኪናው ዕቃ ሻጩን ይወቅሳል፣ ሻጩ መካኒኩን፣ መካኒኩ ደግሞ ጋዙን። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን የተበላሸውን ኮምፕረሰር ፈትተው ውስጡን አላዩም።

እንዲህ ያለው ታሪክ ለብዙ ባለመኪና እንግዳ አይደለም። ኮምፕረሰር ሲደጋገም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጉድለት ሳይሆን በተገጠመበት ሥርዓት ውስጥ ባለ ሌላ ችግር ነው። ያ ችግር ካልተገኘ አራተኛውም ኮምፕረሰር የሦስተኛው ዕጣ ይደርሰዋል።

ነገሩን ለመረዳት ከዘይቱ መጀመር ይቀላል። የሞተር ዘይት በካርተር ውስጥ ተጠራቅሞ በፓምፕ ይሰራጫል። የኤሲ ኮምፕረሰር ዘይት ግን በአብዛኛው ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ቱቦዎቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱን ገፍቶ የሚመልስ ኃይል ይጠፋል፤ ዘይቱ ዳሽቦርድ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ኮምፕረሰሩን የሚያቀዘቅዘውም ተመላሹ ጋዝ ስለሆነ፣ ጋዝ ያነሰው ኮምፕረሰር ደርቆም ግሎም ይሠራል ማለት ነው። በየዓመቱ "ትንሽ ጋዝ ጨምርልኝ" እያሉ መንዳት ጉዳት የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። በሚያፈሰው ቀዳዳ ጋዝ ብቻ ሳይሆን ዘይትም ይወጣል፤ የሚሞላው ግን ጋዝ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ እዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ከተማዋ ኤሲ የምታስፈልግ አይደለችምና ብዙ መኪኖች ለወራት ሳይከፍቱት ይከርማሉ። በኮምፕረሰሩ ዘንግ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ዘይት ሳይነካው ሲቆይ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። በወር አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኤሲውን ማሠራት፣ በክረምትም ቢሆን፣ ማሸጊያውን ያረጥበዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ጥሎት የሚሄደው ቆሻሻ ነው። ኮምፕረሰር ሲበላ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብረት ይረጫል። ብረቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ከራዲያተር ፊት በተገጠመው ኮንዴንሰር ውስጥ ነው። የዘመኑ ኮንዴንሰሮች ጋዙን የሚያሳልፉት ከእርሳስ ቀለም በቀጠኑ ብዙ መተላለፊያዎች ስለሆነ ቆሻሻው አንዱን ሲደፍን የሚያጥበው ፈሳሽ ባልተደፈነው በኩል አልፎ ይሄዳል። "አጥበነዋል" የተባለ ኮንዴንሰር ግማሹ ተዘግቶ ሊገጠም የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው። አዲሱ ኮምፕረሰር ደግሞ በጠበበ መንገድ ሲገፋ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይግላል፣ የቀረውንም ብረት መልሶ ይውጣል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ከውስጥ ተበልቶ ከተገኘ ኮንዴንሰሩን፣ እርጥበት የሚመጠውን ድራየርና ኤክስፓንሽን ቫልቩን አብሮ መቀየር ያስፈልጋል። ወጪው ያስደነግጣል፤ ሆኖም ሦስት ኮምፕረሰር ከመግዛት ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ኮምፕረሰሩ ተበልቶ እንደሆነ የሚታወቀው ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ በማንጠባጠብ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው ብረት ተበልቷል። ዘይቱ ጥቂት ብቻ ከሆነና ዘንጉ ከተነከሰ፣ የደረቀ ኮምፕረሰር ነው፤ ማፍሰሻው ይፈለግ። ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ዘንጉም በእጅ እየዞረ ክላቹ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከውስጥ ላይሆን ይችላል። ወደ ክላቹ የሚደርሰው ቮልቴጅ፣ ሬሌውና የማሳው ገመድ መፈተሽ አለባቸው። አሮጌውን ዕቃ ጋራዥ ጥሎ መሄድ እንግዲህ ማስረጃን መጣል ነው።

በአገራችን ደጋ ከተሞች ብዙም የማይወራለት አንድ ጉዳይ ደግሞ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጌጅ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት በመሆኑ፣ ለዚያው ጋዝና ለዚያው ሙቀት አዲስ አበባ ላይ 3.5 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል። በዝቅተኛው ግፊት በኩል፣ 30 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ይህ ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ነው። አየሩን መጥጦ የሚያወጣው ቫኪዩም ፓምፕም እንዲሁ ነው። በመጽሐፍ 29 ኢንች ይድረስ የተባለው መርፌ እዚህ ከ23 ኢንች አያልፍም፤ ፓምፑ ጥሩ ቢሆንም። ይህን ያላወቀ ባለሙያ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ በአሥር ደቂቃ ፓምፑን ይነቅላል። ያን ጊዜ የቀረው እርጥበት ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል። ፓምፑ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ከዚያም በላይ መሥራት ይገባዋል።

ጋዝን በጌጅ ብቻ መሙላት ሌላም ወጥመድ አለው። በ15 ዲግሪ የክረምት ጠዋት በከፍተኛው በኩል ያለው ግፊት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። መካኒኩ "አልሞላም" ብሎ ይጨምራል። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ዓባይ ድልድይ ሲደርስ፣ ከዚያም ወደ ደጀን በዝግታና በከባድ ማርሽ ሲወጣ፣ የሚገፋው አየር ጥቂት፣ ሙቀቱ ብዙ ይሆናል። በ40 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ ከ250 ፒኤስአይ ማለፉ በትክክል ለተሞላ መኪና እንኳ እንግዳ አይደለም። ትርፍ ጋዝ ያለበት ደግሞ መከላከያው እስኪያቋርጠው ድረስ ይጨነቃል። ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ያለውን ጋዝ በሙሉ አውጥቶ በሚዛን መዝኖ መሙላት ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል።

ከፍተኛ ጉልበት ባላቸው መኪኖች ይህ ሁሉ ይብሳል። ኮምፕረሰሩ በቺንጋ የሚዞር በመሆኑ የፑሌጃው ንጽጽር 1.4 ቢሆን፣ ሞተሩ 6 ሺህ 500 ዙር ሲሄድ ኮምፕረሰሩ 9 ሺህ 100 ይዞራል። በብዙ ባለ ቱርቦ መኪኖች የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ ከኮንዴንሰሩ ጋር በአንድ ነፋስ ይሻማል። አንዳንዶቹ ኮምፕረሰሮች ጭራሽ ክላች የላቸውም፤ ኤሲው ቢዘጋም ዘንጉ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። "ጋዝ ስለሌለው አልከፍተውም" ማለት ለእነዚህ መድኃኒት አይሆንም።

አዲስ የተገዛው ኮምፕረሰር ከፋብሪካ ዘይት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ምን ያህል እንደያዘ ሳይታይ በላዩ መጨመር እንደ ማነሱ ሁሉ ይጎዳል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘንጉ በእጅ አሥር ጊዜ ያህል ቢዞር በሲሊንደሩ የተኛው ዘይት ይወጣል። አለበለዚያ ፈሳሹ አልታመቅ ብሎ ቫልቮቹን ሊሰብር ይችላል።

ለአርሶ አደሩም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ካቢን ያላቸው ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ኤሲ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እዚያ ዋናው ጠላት ገለባና አቧራ ነው፤ የኮንዴንሰሩን ክንፎች ሲሸፍን ነፋስ ይከለከልና ግፊቱ ይጨምራል። በአጨዳ ወቅት በየዕለቱ በተጨመቀ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ይበቃል። ከፊት በኃይለኛ ውኃ መምታት ግን ክንፎቹን ያጣጥፋል፤ ቆሻሻውንም ወደ ውስጥ ይቀረቅራል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ በጋራዦች በር የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። የእነርሱ ኮምፕረሰር የሚዞረው በቺንጋ ሳይሆን በመቶዎች ቮልት በሚሠራ ሞተር ነው፤ ሞተሩም በዘይቱ ውስጥ ይነከራል። በተለመዱት መኪኖች የሚሞላው ፓግ የተባለው ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጥቂቱም ቢገባ መከላከያውን ይሰብራል። በብዙዎቹ ደግሞ ይኸው ኮምፕረሰር ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። በነዳጅ መኪና ላይ የዋለ ቱቦና መሙያ ሳይጸዳ ለእነርሱ እንዳይውል ባለመኪናው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።