ተማሪ በተማሪ ላይ ስለሚያደርገው ግፍና በልቡና ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት

የልጅ አካል በድንጋይ ቢመታ ቊስሉ ይታያልና ሁሉም ለማከም ይሮጣል። ልቡ በዘለፋ ሲቈስል ግን ደም ስለማይታይ ብዙ ሰው «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ግፍ ከጨዋታ የሚለይበት ምልክት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ለመጕዳት ታስቦ ይደረጋል፤ ሁለተኛ፥ ይደጋገማል፤ ሦስተኛ፥ በጕልበት ወይም በቍጥር የበረታው ራሱን ለመከላከል በማይችለው ላይ ይሠራዋል። ግፍ መምታት ብቻ አይደለም፤ ስለ ድህነቱ ወይም ስለ አካሉ ጕድለት ክፉ ስም ማውጣት፥ አባቱ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ነው ብሎ መስደብ፥ ከጨዋታ መለየትም ግፍ ነው።

ለአካለ መጠን የሚቃረብ ልጅ ራሱን የሚመዝነው በባልንጀሮቹ ዓይን ነውና፥ ዘወትር ሲናቅ ንቀቱን እንደ እውነት ይቀበለዋል። ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ያጣል፤ ትምህርቱ ይደክማል፤ ጧት ጧት ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ ይላል፤ ብቻውን መቀመጥ ይወዳል። ኀዘኑና ፍርሃቱ ሳይታከም ቢቈይ ካደገም በኋላ ሊከተለው፥ አንዳንዱንም ሕይወቱን እስከ መጥላት ሊያደርሰው ይችላል። ግፈኛውም ልጅ በጊዜ ካልታረመ ጠበኛ ሆኖ እንዳያድግ ያሠጋል።

በኖርዌይ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት ልጆች በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ምክንያቱም የባልንጀሮቻቸው ግፍ ሳይሆን እንደማይቀር ታመነ። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ በአገሩ ሁሉ ግፍን የመከላከል ሥራ ጀመረ። ዳን ኦልቬዩስ የተባለው ሊቅ በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች 2500 ያህል ተማሪዎችን ሁለት ዓመት ተኩል ቢከታተል፥ ግፉ በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኘው። የተደረገውም በየክፍሉ ግልጽ ደንብ ማቆም፥ በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎችን መጠበቅ፥ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋራ መነጋገር ነበር። ይህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቅ ነውና፥ የገጠር ተማሪ ቤትም ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ መምህር የተበደለውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ በርኅራኄ ይጠይቀው እንጂ በጓደኞቹ ፊት አያቁመው፤ ያፍራልና። ቆመው የሚስቁትንም ይምከራቸው፤ ሳቃቸው ለግፈኛው ብርታት ይሆነዋልና። ሽማግሌዎችም ሁለቱን እንደ እኩል ባለጋራዎች ቈጥረው ለማስታረቅ አይቸኵሉ። አስቀድሞ ግፉ ይቁም፤ በዳዩም ይገሠጽ፤ ዕርቅ ከዚያ በኋላ ይሁን። ልጁ ሕይወቱን እንደ ጠላ ቢናገር ግን ብቻውን አይተዉት፤ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

ልጅ ተማሪ ቤት የሚመጣው ዕውቀት ሊገበይ ነው፤ ፍርሃት የሞላበት ልቡና ግን ለትምህርት ስፍራ የለውም።