ተጨማሪ መረጃ፦ የምትዋጠው «ር»

መኪና በእንግሊዝኛ «ካር» እንደሚባል ታውቃላችሁ። ለንደን ውስጥ ግን ብዙ ሰው «ካ» ብሎ ያስረዝመዋል እንጂ የመጨረሻዋን «ር» አያሰማትም። ስኮትላንድ፣ አየርላንድና አብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ትሰማለች። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በድምፅ አወጣጥ የሚያሳዩት ልዩነት ቅላፄ ይባላል። ቀድሞ እንግሊዞችም «ር»ን ይጠሯት ነበር፤ እስከ ዛሬ የምትጻፈውም ለዚህ ነው።

ቅላፄ ታዲያ የሚናገረው አገርን ብቻ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ዊልያም ላቦቭ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ ኒው ዮርክ ውስጥ በሦስት ትልልቅ መደብሮች እየዞረ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቀውን ዕቃ «የት ነው?» እያለ ሠራተኞቹን ጠየቀ። መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» ነው፤ ሁለት «ር» አለበት። እንዳልሰማ ሆኖም ያስደግማቸው ነበር (ብልጥ ዘዴ ነው!)። 264 ሰዎች ሳያውቁት የጥናቱ ተሳታፊ ሆኑ። ሀብታሞች በሚገበዩበት ሳክስ «ር» ከሁሉም በላይ ተሰማች፤ በሜሲስ ቀነሰች፤ ርካሽ ዕቃ በሚሸጥበት ክላይን ግን አብዛኛው ሰው ዋጣት። አስገራሚው ነገር፣ እንግሊዝ ውስጥ የጨዋ ንግግር የሚባለው «ር»ን የሚውጠው መሆኑ ነው!

እኛ «ዶክተር»፣ «ኮምፒዩተር» ስንል «ር»ን ጥርት አድርገን እንጠራለን። ዛሬ ማታ የቢቢሲንና የአንድ አሜሪካ ጣቢያን የእንግሊዝኛ ዜና ለአምስት አምስት ደቂቃ አዳምጡ፤ በቃላት መጨረሻ ላይ የሰማችኋቸውን «ር»ዎች ቁጠሩና ነገ ከጓደኞቻችሁ ጋር አወዳድሩ።