በደቡብ ኮርያ የጦር አዛዥነት የማን ነው?

በሐምሌ ወር 1950 እ.ኤ.አ. የሰሜን ኮርያ ሠራዊት ሴኡልን ይዞ ወደ ደቡብ ሲገሠግሥ፣ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ለተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ለጀኔራል ዳግላስ ማክአርተር በጻፉት ደብዳቤ የአገራቸውን ጦር አዛዥነት፣ ጠቡ እስካለ ድረስ ብለው፣ አሳልፈው ሰጡ። በዚያ በጭንቅ ሰዓት የጊዜው ወሰን ብዙ ያሳሰበ አይመስልም፤ ዳሩ ግን በ1953 የተፈረመው ውል ተኩስ የሚያቆም እንጂ ሰላም የሚያጸና ስላልነበረ፣ ጦርነቱ በሕግ ዓይን ሳይፈጸም አደራውም ሳይመለስ ኖረ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ፍጹም ባዕድ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ ሲዋጋ፣ ወታደሩ የገዛ መኮንኑን ቃል ቢሰማም የዘመቻው ትእዛዝ ከአሜሪካኖች ይመጣ ነበር። ለአንድ ሻለቃ፣ ለአንድ ዘመቻ የተስማማው ይህ ሥርዓት በአንድ አገር ሠራዊት ላይ ከትውልድ ትውልድ ሲጸና ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የኮርያ ጥምር ጦር መምሪያ ሲቋቋም አንድ የአሜሪካ ጀኔራል የጥምሩን ጦር፣ በኮርያ ያለውን የአሜሪካ ጦርና የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዛዥነት ደርቦ ያዘ፤ ኮርያዊው ጀኔራል ምክትሉ ሆነ። በ1994 የመዋዕለ ሰላሙ አዛዥነት ለኮርያውያን ተመለሰ፤ የመዋዕለ ጦርነቱ ግን በአሜሪካኖች እጅ ቀረ።

ሰፈሩን ማዛወር ግን ተቻለ። በሴኡል እምብርት ያለው፣ አስቀድሞ የጃፓን፣ ኋላም የአሜሪካ ጦር የሰፈረበት ዮንግሳን፣ ለአንድ ነጻ ብሔር መናገሻ የማይመች ትዝታ ነበርና፣ በ2004 በተደረገው ስምምነት የአሜሪካ ጦር ከዋና ከተማው በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ፒዮንግቴክ እንዲሄድ ተወሰነ። በዚያ የተሠራው ካምፕ ሃምፍሪስ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲፈጅ አብዛኛውን የከፈለችው ኮርያ ናት። የአሜሪካ ጦር መምሪያ በ2018፣ የጥምሩ ጦር መምሪያ በ2022 ተዛወሩ። ከ1991 ጀምሮም ኮርያ ለ28,500 ያህሉ የአሜሪካ ጦር መኖሪያ ወጪ ድርሻዋን ስትከፍል ቆይታለች፤ ከአሜሪካ ክፍሎች ጋር አብረው የሚያገለግሉ የራሷ ወታደሮችም አሏት።

ስለ መዋዕለ ጦርነቱ አዛዥነት ርክክብ በ2007 የተቆረጠው ቀን ሚያዝያ 2012 ነበር፤ በ2010 ቾናን የተባለችው የደቡብ ኮርያ የጦር መርከብ ከሰጠመች በኋላ ወደ 2015 ተገፋ፤ በ2014 ደግሞ ቀን መቁረጡ ጭራሹን ቀርቶ ሦስት ቅድመ ሁኔታ ተተካ፦ የኮርያ ሠራዊት ጥምሩን ጦር ለመምራት መብቃቱ፣ የኑክሌርና የሚሳይል አደጋን ለመመከት መዘጋጀቱ፣ የአካባቢውም ጸጥታ ለርክክቡ መመቻቸቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በትጋትና በገንዘብ መፈጸም ይቻላል፤ ሦስተኛው ግን ቁልፉ ከፒዮንግያንግ እጅ ስለሆነ፣ ርክክቡን ለባላጋራ ፈቃድ አሳልፎ መስጠት ይመስለኛል።

በ2018 ሁለቱ መንግሥታት ወደፊት ኮርያዊ ጀኔራል አዛዥ፣ አሜሪካዊው ምክትል እንዲሆን ተስማምተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥነት ግን በአሜሪካኖች እጅ ይቆያል፤ እንግዲህ አንዱ ጀኔራል በአንዱ መምሪያ ለኮርያዊው አለቃ እየታዘዘ፣ በሌላው ራሱ አዛዥ ሆኖ፣ ጦርነት ቢነሣ የትኛው ትእዛዝ እንደሚቀድም የሁለቱ አገሮች መኮንኖች ገና የሚመክሩበት ጉዳይ ነው።