ፎቶ ቁጥር 217 የማን ነው? ነፃ ምስሎችን በኮድ ስለመልቀም

ጀሞ ታክሲ መያዣው ጋ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ስታዩ፣ ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ለመለየት ሰከንድ አይፈጅባችሁም። ረዳቱ ባይጮህ እንኳ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። እንዲያውቀው ከተፈለገ ብዙ መቶ፣ ቢቻል ብዙ ሺህ ፎቶ ማሳየት ያስፈልጋል። እኔም በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንገዶች የሚያልፉ ተሽከርካሪዎችን በየዓይነታቸው የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ለመሥራት ስነሳ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፎቶውን ከየት ላምጣ?» የሚል ሆነ። መልሱ ቀላል መሰለኝ፦ ጎግል ላይ መፈለግ፣ የሚመጣውን ሁሉ የሚያወርድ ኮድ መጻፍ፣ አለቀ።

አላለቀም። ግን መጀመሪያ ኮዱ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ድረ ገጽ ከጀርባው ጽሑፍ ነው። ብራውዘራችሁ ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ ነው በቀለምና በምስል የሚያሳምረው። «እዚህ ጋ ምስል አስቀምጥ፣ አድራሻው ይሄ ነው» የሚል ምልክት በጽሑፉ ውስጥ አለ። ዌብ ስክሬፒንግ የሚባለው ሥራ ይህን ጽሑፍ በፕሮግራም አስመጥቶ፣ የምስል ምልክቶቹን ፈልጎ፣ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ማውረድ ነው። በፓይተን ቋንቋ ገጹን የሚያመጣ «ሪኩዌስትስ» እና ጽሑፉን የሚበትን «ቢዩቲፉል ሱፕ» የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ለተራ ገጽ ሃያ መስመር ኮድ ይበቃል።

የፍለጋ ውጤት ገጽ ግን ተራ ገጽ አይደለም። እዚያ የምታዩት ትንንሽ ቅጂዎችን ነው፤ ዋናው ፎቶ ያለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው። ቀሪዎቹ ምስሎች ደግሞ ወደ ታች ስትወርዱ በጃቫስክሪፕት ተጠርተው ነው የሚመጡት። በዛ ላይ ጎግል «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» በተባለው ፋይሉ ላይ፣ ፕሮግራሞች ወደ ፍለጋ ገጹ እንዳይገቡ ጽፏል። ይሄ ፋይል ቁልፍ አይደለም፣ በር ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ አልፎ መሄድ ይቻላል። አልፋችሁ ስትሄዱ ግን ትንሽ ቆይቶ «ሮቦት አይደለህም?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ በአንድ ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

እሺ፣ ይህም ታለፈ እንበል። ጎግል ምስል ላይ «የአጠቃቀም መብት» የሚል ማጣሪያ አለ፤ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚለውን ስትመርጡ በዚህ ፈቃድ የተለቀቁ ፎቶዎች ብቻ ይመጣሉ። እኔም ያመንኩት ይህንን ማጣሪያ ነው። ችግሩ፣ ማሽኑ ፎቶ አይቶ ባለቤቱን አያውቅም። የሚያነበው የድረ ገጹ ባለቤት በገጹ ኮድ ወይም በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለ ፈቃዱ የጻፈውን መረጃ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ፎቶ ወስዶ «ነፃ ነው» ብሎ ቢለጥፍ፣ ማጣሪያው አምኖ ያሳልፈዋል።

«ስም ካልተጻፈበት የማንም ነው» የሚል ነገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሁልጊዜ ልክ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ለፎቶግራፍ የተሰጠው የጥበቃ ዘመን 25 ዓመት ነው። 

ክሪኤቲቭ ኮመንስ ይህን መብት አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያ ፈቃዶቹን ያወጣው ይህ ድርጅት ያደረገው ነገር፣ ባለቤቱ «በዚህ ሁኔታ ተጠቀሙበት» የሚልበትን የተዘጋጀ ውል መስጠት ነው። «ሲሲ ባይ» ስሜን ጥቀሱ ይላል። «ኤስኤ» ሲጨመርበት፣ ከእኔ የሠራችሁትን እናንተም በዚሁ ፈቃድ አካፍሉ ማለት ነው። «ኤንሲ» ለንግድ አይሁን፣ «ኤንዲ» ቀይራችሁ አታሰራጩ ይላል። «ሲሲ ዜሮ» ብቻ ነው ምንም የማይጠይቀው። እንግዲህ «ነፃ» ከሚባሉት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ስም።

እኔ የተያዝኩትም እዚህ ላይ ነው። ኮዴ ወደ ስድስት መቶ ፎቶ አወረደ፤ ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ሰየማቸው። ስብስቡን ለታናናሽ ተማሪዎች ላካፍል ስል አማካሪዬ ዝም ብለው አንዱን ከፈቱና «217 የማን ነው?» አሉኝ። ስሙ የለኝም፤ የመጣበት ገጽም የለኝም። ማታ ቁጭ ብዬ ጥቂቶቹን በምስል ፍለጋ ወደ ኋላ ተከታተልኳቸው፤ አንዳንዶቹ በክፍያ የሚሸጡ ፎቶዎች ሆነው ተገኙ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፣ ሙሉውን አጠፋሁት።

ሁለተኛ ስጀምር የፍለጋ ገጹን ተውኩትና ፎቶዎቹ ወዳሉበት ቤት ሄድኩ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ለፕሮግራሞች የተዘጋጀ በር፣ ማለትም ኤፒአይ አለው። የፍለጋ ቃል ስትልኩለት ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና የፈቃዱን አድራሻ በሥርዓት ይመልሳል። ለንግድ መጠቀምን ወይም መቀየርን የሚከለክል ፈቃድ ብቻ ያለውን ፎቶ ስለማይቀበል ማጣራቱም ይቀላል። የሚጠይቀው ነገር ትንሽ ነው፦ ፕሮግራማችሁ ማን እንደሆነ ይናገር፣ ጥያቄ አያጣድፍ። ከብዙ ምንጮች በአንድ ጊዜ መፈለግ ለሚፈልግ ደግሞ ኦፕንቨርስ አለ።

አሁን ኮዴ ፎቶ ከማውረዱ በፊት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይጽፋል፦ የፎቶው ርዕስ፣ አንሺው፣ የተገኘበት ገጽ፣ ፈቃዱ፣ የወረደበት ቀን። አንዱ ከጎደለ አያወርድም። ቀኑ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ቀድሞ ከወሰደው ሰው ላይ አይነሳም፤ ግን ገጹ ነገ ቢቀየር ትናንት ምን ይል እንደነበር ማሳየት የምትችሉት መዝግባችሁ ከያዛችሁ ነው።

በዚህ መንገድ የምታገኙት ፎቶ ያንሳል፤ አልደብቃችሁም። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ብለን ስንፈልግ የሚመጣው፣ የለንደን አውቶቡስ ብለን ስንፈልግ ከሚመጣው ጋር አይወዳደርም። ይሄ ደግሞ የእኔ ፕሮጀክት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በኋላ ከ14 ሚሊዮን በላይ ምስል የያዘው ኢሜጅኔት፣ ፎቶዎቹን የለቀመው ከፍለጋ ሞተሮች ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ በቻይንኛ፣ በስፓኒሽ፣ በደችና በጣሊያንኛም ፈልጓል፤ አማርኛ የለበትም። በ2017 የጎግል ተመራማሪዎች ሲመረምሩት፣ አገራቸው ሊለይ ከቻለ ምስሎች 45 በመቶ ያህሉ ከአሜሪካ የመጡ ሆነው አገኙ። ከዚያ ከብዙ ነፃ ፈቃድ ካላቸው ፎቶዎች በተማረ ሞዴል ላይ የሙሽራ ፎቶ ሞከሩ። የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሙሽሮችን በደንብ ለየ፤ የኢትዮጵያና የፓኪስታን ሲሆን ግን ይወላገድ ጀመር። ካባ የደረበ ሙሽራ ለእኛ ጥያቄ አይደለም፤ ለሞዴሉ ግን አልታየውም ነበር።

ጉድለቱን የሚሞላው እንግዲህ የተሻለ ለቃሚ ኮድ ሳይሆን አዲስ ፎቶ ነው። ዊኪ ላቭስ አፍሪካ የሚባለው የፎቶ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሰው በነፃ ፈቃድ ፎቶ እንዲለቅ ይጋብዛል፤ የ2020 ርዕሱ እንቅስቃሴና ጉዞ ነበር፣ ለእኔ ሥራ የተመረጠ እስኪመስል ድረስ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ከላፍቶ እስከ ሳሪስ እየዞርኩ ማንሳት ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ነፃ ፈቃድ የሚመለከተው የፎቶ አንሺውን መብት እንጂ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የተሳፋሪ ፊትና የመኪና ታርጋ የሚያደበዝዝ ሌላ ትንሽ ኮድ ጽፌያለሁ፤ ፎቶዎቹ ወደ ኮመንስ የሚወጡት በእሱ ካለፉ በኋላ ነው። እስካሁን ታርጋውን ደህና አድርጎ ይይዛል፤ በመስኮት አንገቱን ያወጣ ረዳት ላይ ግን አሁንም ይስታል፣ እሱን በእጄ ነው የማደበዝዘው።