ጥቁሩ የምግብ ቧንቧና የቢስቲማ ሕመምተኛ

በወሎዋ ቢስቲማ ደም ያስመለሰ ሰው «ጨጓራው ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከእውነት አይርቅም፤ የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስለት፣ አልያም በጉበት ሕመም ያበጠ ደም ሥር ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ ጀርባ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሳ ሕመም አለ፤ የምግብ ቧንቧ የውስጥ ሽፋን በድንገት ሞቶ ይጠቁራል።

የሕመሙ ታሪክ የማያው መሣሪያ፣ ማለትም በአፍ የሚገባው ካሜራ (ኢንዶስኮፒ)፣ ታሪክ ነው (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሬናን የተባሉ ተመራማሪ በ1967 ያሳተሙት ሰውነቱ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ የሞተን ሰው አስከሬን መርምረው ያገኙትን ነበር። በሕይወት ባለ ሕመምተኛ ላይ በኢንዶስኮፒ ታይቶ የተጻፈው በ1990 ነው፤ ጎልደንበርግና ባልደረቦቻቸው ናቸው የጻፉት። ከዚያ ወዲህ ዘገባው በዛ። በ2002 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በአንድ ዓመት ከታዩ 3,900 ሰዎች 8 አገኘ። በ2004 ፖርቱጋሎች ከ10,295 ምርመራዎች 29 ቆጠሩ። በ2007 ደግሞ ጉርቪትስና ባልደረቦቻቸው እስከዚያ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው 88 ሕመምተኞችን ዘረዘሩ።

በእኔ እምነት ይህ ጭማሪ በዋናነት የበሽታው መስፋፋት አይደለም። የሚያይ ዓይን ስለበዛ ነው።

በዚያው በ2004 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በአገራችን የተደረጉ 10,000 ኢንዶስኮፒዎችን ዳሰሳ አውጥቷል፤ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። በውጭ አገር በተመዘገበው መጠን፣ ማለትም ከመቶ ከ0.01 እስከ 0.28፣ ብናሰላው ከዚህን ያህል ሰው መካከል ከ1 እስከ 28 የሚሆኑ ይጠበቃሉ። ስሌቱ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሕመም የሚይዘው ግን በአብዛኛው በሌላ ከባድ በሽታ የተዳከመ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ወንዶች ላይ አራት እጥፍ ያህል ይበዛል። ለምርመራ ከቢስቲማ በሐይቅ አድርጎ ደሴ እስኪደርስ አቅሙ የሚከዳው ሕመምተኛም ይኸው ነው። ካሜራው ፊት ያልቀረበ ሰው በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ቧንቧውን የሚገድሉት ነገሮች ተደራርበው ይመጣሉ። የደም ዝውውር በኢንፌክሽን፣ በልብ ድካም ወይም በስኳር መዘዝ ይወድቃል፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በምግብ እጥረት፣ በአልኮል ወይም በካንሰር የሳሳው ሽፋንም መከላከል ያቅተዋል። ደም በቀጭኑ የሚደርሰው የቧንቧው ታችኛው ክፍል ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ጨጓራ አፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል። ሕመምተኛው የቡና አተላ የመሰለ ያስመልሳል፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል።

ወሎ ላይ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስኳር ነው። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው ደሙ አሲድ ሲሆን፣ ፈሳሹም ሲያልቅ፣ ለዚህ ሕመም የሚያጋልጠው ሁኔታ ተፈጠረ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ የጤና ተቋማት ባዶ በቀሩባቸው ወራት መድኃኒት የተቋረጠበት ሕመምተኛ ምን ዓይነት አደጋ ላይ እንደነበረ መገመት አያቅትም።

ከተያዙት ሲሶው ገደማ ይሞታል። ሆኖም በጠቆረው ቧንቧ ምክንያት ብቻ የሚሞተው ከመቶ ሕመምተኞች 6 አካባቢ ነው፤ ቀሪውን የሚወስደው ከሥሩ ያለው ሌላ በሽታ ነው። ለገጠር ሐኪም ከዚህ ሁሉ ቁጥር የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ስኳሩን ወይም ኢንፌክሽኑን ማከም፣ አሲድ የሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት በመርፌ መጀመር፣ ምግብ በአፍ ለጊዜው ማቆም ኢንዶስኮፒ እስኪገኝ አይጠብቅም። በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ግን የሞተውን ሽፋን ሊበሳ ስለሚችል ያለ ብርቱ ምክንያት ባይገባ ይሻላል።

ከዳኑት ከአሥር አንዱ ያህል ቧንቧው ይጠብበታል። ስለዚህ አገግሞ ቢስቲማ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ እንጀራው አልወርድ ካለው፣ ከውሃ ጋር ካልሆነ መዋጥ ካቃተው፣ ጨጓራዬ ነው ብሎ ሳይቀመጥ ተመልሶ ይታይ። ጠባቡን ቧንቧ በኢንዶስኮፒ ማስፋት ይቻላል።