መስመሩ ከላይ፣ ኩራዙ ከታች

5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወቃል። ለአገሪቱ ከፍተኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ፣ ይልቁንም የገጠሩ ነዋሪ፣ ገና መብራት አላገኘም።

ከግድቡ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ስለሚሸከም በሥሩ ላለች ጎጆ በቀጥታ አይቀጠልም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል።

እኛ የገጠር ተማሪዎች በኩራዝ ጭስ እያጠናን ከከተማ ልጆች ጋር ለአንድ ፈተና እንቀርባለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር ይሰጣል። ፈተናው አንድ ከሆነ ብርሃኑም ሊዳረስ ይገባል። ስለዚህ ከግድቡ ቀጥሎ የመንደር ምሰሶ ተከላ ቅድሚያ ይሰጠው እንላለን።