ፒክአፕ ሲቀየር ምን ከምን ይገጥማል?

«የጊታሬ ድምፅ አልጣመኝም፣ ፒክአፑን ልቀይረው» የሚል ሰው ሲያማክረኝ እኔም መልሼ ምኑ እንዳልጣመው እጠይቀዋለሁ። ጆሮ ይበሳል የሚለውና ታፍኖብኛል የሚለው የሚያስፈልጋቸው ዕቃ አንድ አይደለም። ያጉረመርማል የሚለው ደግሞ ምናልባት ጥፋቱ የጊታሩ ሳይሆን ከራሱ በላይ የተሰቀለው ፍሎረሰንት ይሆናል። ቅሬታው ካልተለየ ውድ ዕቃ መግዛት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም።

ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ፣ ፀጉር የሚያክል የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦው ውስጥም በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ያንን ነው። የናይለን ክር በተወጠረበት ክራር ሥር ያንኑ ፒክአፕ ቢያስቀምጡት ትንፍሽ አይልም።

ሽቦው የሚለቅመው ግን የክሩን ድምፅ ብቻ አይደለም። በአካባቢው ያለው የመብራት መስመርና ትራንስፎርመር ሁሉ ይገባበታል፤ ያ የታወቀው ወፍራም ጉርምርምታ በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የአገራችን መብራት የሚመጣ ነው። ባለ አንድ ጥቅሉ፣ ማለትም ሲንግል ኮይል የሚባለው፣ ከዚህ አያመልጥም። የጊብሰን መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ፓተንት ያመለከተበት መፍትሔ ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ የአንዱን ሽቦም ማግኔትም ከሌላው በተቃራኒ ማድረግ ነበር። ከውጭ የገባው ጉርምርምታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሃምበከር የሚባለው ይኸው ነው። ሁለቱ ጥቅሎች ክሩን በሁለት ቦታ ስለሚሰሙት ግን ድምፁ ሲወፍር ጥራቱ ጥቂት ይለዝባል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ስትራቶካስተር መሰል ጊታር ላይ ነው፤ ከሦስቱ ሲንግል ኮይሎች የብሪጁን ብቻ በሃምበከር ይተካል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ብሪጁ ጋ ክሩ ብዙ ስለማይወዛወዝ ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፣ አንገቱ ጋ ግን በሰፊው ስለሚወዛወዝ ይሞላል። ሠሪዎች የብሪጁን ፒክአፕ ብዙ ጊዜ በርከት ባለ ዙር የሚጠቀልሉት ይህን ለማካካስ ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ ፒክአፕ እዚያ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ከመጠን ካለፈ ግን ማብሪያውን ወደ አንገቱ ሲመልሱ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፣ ሶሎውን ከመድረክ በታች የሚሰማው አይኖርም። ሌሎቹ ሁለት ሲንግል ኮይሎች የተለመዱት፣ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ከሆኑ፣ እኔ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያለ መካከለኛ ሃምበከር እመርጣለሁ። የክራርን መስመር በጊታር ለሚመታ፣ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ እንዲሰማ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ፒክአፕ ጠላት ነው።

የኪሎ ኦሙ ቁጥር ራሱ ያታልላል። መቋቋምን እንጂ ኃይልን አይለካም። በ44 ቁጥር ሽቦ የተጠቀለለ ፒክአፕ፣ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ብቻ፣ ያንኑ ያህል ዙር በ42 ቁጥር ከተጠቀለለው በጣም የላቀ ንባብ ይሰጣል። ሙቀትም ይለውጠዋል፤ 10 ዲግሪ ሲጨምር 8 የነበረው ወደ 8.3 ይጠጋል። ቁጥሩን የአንድን ሠሪ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች ለማነጻጸር ይጠቀሙበት፣ ከዚያ በላይ አይመኑት።

ብዙዎች የሚረሱት ፖቱን ነው፣ ማለትም የቮልዩሙን መቆጣጠሪያ። ሲንግል ኮይል በ250 ኪሎ ኦም፣ ሃምበከር በ500 መሥራት ለምደዋል። ሃምበከሩን በ250 ካሳደሩት ይታፈናል፤ ሰውየውም «የገዛሁት ፒክአፕ አይረባም» ብሎ ይሸጠዋል። ፖቱን ወደ 500 ከቀየሩት ደግሞ ሁለቱ ሲንግል ኮይሎች ጆሮ ይበሳሉ። መውጫው 500 ፖት አስገብቶ፣ ማብሪያው ወደ ሲንግል ኮይሎቹ ሲዞር ብቻ አንድ የ470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በትይዩ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ 242 ገደማ ይሆናሉ። ሬዚስተሩ ርካሽ ነው፣ የሚያስፈልገው መበየጃ የሚይዝ ደህና እጅ ነው።

ስፋቱንም ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። የድሮው ጊብሰን ዓይነት ሃምበከር ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው 49 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፌንደር ብሪጅ ላይ ክሮቹ ሰፋ ስለሚሉ ወደ 53 የሚጠጋው፣ ኤፍ-ስፔስድ የሚባለው፣ ይስማማዋል። ልዩነቱ ድምፁን ብዙ ባይጎዳም ዳሩ ላይ ያለው ክር ከብሎኑ ሲርቅ ዓይን ይረብሻል። የእንጨቱ ጉድጓድና የፕላስቲኩ ቀዳዳም ሃምበከር የሚያስገቡ መሆናቸው ይታይ፤ ለመቦርቦር የሚያስገድድ ከሆነ ሥራው የባለሙያ ነው።

ከተለያየ ሠሪ ሲገዙ ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲበሩ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ፌዛቸው፣ ማለትም የሞገዳቸው አቅጣጫ፣ ተገላብጦ ነው። ከመበየድ በፊት መፈተሽ ይቻላል። ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ ከፒክአፑ ሁለት ሽቦዎች ጋር ማገናኘት፣ ካቻቢቴ በማግኔቱ ጫፎች ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ በፍጥነት ማንሳት። ቁጥሩ ለቅጽበት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል። በሁለቱም ፒክአፖች ወደ አንድ አቅጣጫ ከዘለለ ይስማማሉ፤ ካልሆነ የአንዱ ሽቦ ይገላበጥ። የሚገላበጠው ግን የሲንግል ኮይሉ ይሁን፤ ክዳኑ ብረት የሆነ ሃምበከር ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ የመሬት ሽቦው ከክዳኑ ጋር የተያያዘ ነው፣ ቢገላብጡት ክዳኑ በተነካ ቁጥር ይጮሃል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ያው ካቻቢቴ ሌላ ሥራ አለው። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከፒክአፑ ጫፍ ያለውን ርቀት ይለኩ። ፌንደር ለድሮ ዓይነት ሲንግል ኮይሎቹ የሚያስቀምጠው መነሻ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሃምበከር ደግሞ 1.6። ሲንግል ኮይል ከዚህ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ በተለይ ወፍራሙ ክር ላይ ከፍ ያሉ ፍሬቶችን ሲጫኑ፣ የተቃኘው ጊታር ያልተቃኘ መስሎ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን ብሎኖች ግማሽ ዙር እያሉ ዝቅ ያድርጉት፣ በየመሃሉም ይምቱትና ያዳምጡ፤ ይቀየር የተባለው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።